አሮጌው ቮልስ፣ አባትና ልጅ

በግቢያችሁ ጥግ ወይም በዘመድ አጥር ሥር ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ መኪና አለ? ዶሮ የሚያድርበት፣ ሕፃናት መሪውን ይዘው የሚጫወቱበት? እንግዲያው ለብረት ገዢ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡ። በቤታችሁ ከአባቱ ጋር መነጋገር ያቆመ ልጅ ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ወላጅና ልጅ ተጋግዘው የቆየ መኪና ማደስ በሌላው ዓለም የታወቀ የቤተሰብ ሥራ ነው። በእኛ አገር ለዚህ እንደ ቮልስ የሚመች የለም። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሽቦዎቹና የቤንዚን ቱቦው ከተላቀቁ በኋላ በክሪክ ይወርዳል። ፓራፋንጎዎቹም በብየዳ ሳይሆን በብሎን የተያዙ ናቸው፤ ብዙውን በ13 መፍቻ ትፈቱታላችሁ። ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲወጣ፣ ሌላው መኪና ፈልቶበት ዳር ሲይዝ፣ እርሱ የሚፈላ ውኃ የለውም። (አይግልም ማለቴ ግን አይደለም። አየሩን የሚነፋው ፋን የሚዞረው በአንዲት ቺንጋ ነው። እርሷ ከተበጠሰች ቀዩ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ማቆም ነው።)

ታሪኩም ለልጅ የሚነገር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ በዓለም ላይ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆነው ነበር። ጎማ እየተፈታ የተሰማ ታሪክ ደግሞ ከልጅ ጆሮ አይወጣም።

ከመግዛታችሁ ወይም ከመንካታችሁ በፊት ሊብሬውን እዩ። የኋላው ወንበር ሲነሳ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የሻንሲ ወገብ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው ሥር ነው። የሽቦ ብሩሽ ለልጁ ስጡትና ዝገቱን ፍቆ ራሱ ያንብበው። በጀርመን በተሠሩት ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1965 ሞዴል ጀምሮ፣ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ይናገራል። ለምሳሌ 117 ብሎ የሚጀምር የ1967 ነው። ልጁ ያነበበው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ግዢውን ተዉት። ብዙ ልፋትና ብዙ ገንዘብ ያተረፋችሁ ልጃችሁ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ። ልጃችን እነዚህን ሁሉ በአንድ ወር ሲያጠና ባየሁ ጊዜ፣ ይህ ልጅ አእምሮው አይቀበልም ያሉት ሁሉ ምነው መጥተው በሰሙ አልኩ።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። በእኛ ቤት ሥራው የተጀመረው ሁለተኛው ልጃችን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በወደቀበት ክረምት ነበር። ባለቤቴ መጋቢ ነው። የመጋቢ ልጅ አባቱን ከሕዝብ ጋር ይካፈላል፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ማታ ማታ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን ሆነሃል ልጄ?» ሲለው መልሱ «ምንም» ነበር። ሞተሩ አልዞር ያለው ቮልስ ከደብረ ማርቆስ በአይሱዙ ተጭኖ ሉማሜ ሲገባ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደስ አላለኝም። በዚያ ገንዘብ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር!

በአራተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ቡና እያፈላሁ ሳለ ልጁ ዳዶዎችን በነጭ ጋዝ እያጠበ፣ ቀና ሳይል፣ «አባዬ፣ ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየኝም» አለ።

«ለምን አልነገርከንም?» አለው አባቱ።

«አንተ ጋ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

ባለቤቴ ሰባኪ ነው፣ ቃል አያጣም። ያን ዕለት ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ዝቅ ብሎ ከልጁ ጎን ተቀመጠና ዳዶ ማጠብ ጀመረ። ሰኞ ዕለት የመጡትን ሰዎች «ረቡዕ ኑ» ብሎ ልጁን ይዞ ለዓይን ምርመራ ደብረ ማርቆስ ሄደ። አሁን ያ ልጅ መነጽሩን በዘይት እጁ እያበላሸ ያስቸግረኛል።

እናቶች ሆይ፣ ልብ በሉ። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን ጎን ለጎን ሆኖ፣ እጁ ሥራ ይዞ ሳለ ይናገራል። ሴት ልጅም እንዲሁ ናት፤ መፍቻውን እርሷም ትያዝ። መኪና ከሌላችሁ ደግሞ የቆመ ሲንጀር ወይም ዝም ያለ ሬዲዮም ይሆናል።

አባቶች የሚፈተኑበት ቦታ ሌላ ነው፤ ከልጁ እጅ መፍቻውን መቀማት። «አምጣው፣ አንተ አትችልም» የሚለው ቃል አንዴ ከወጣ ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ነው። ዝገት የያዘውን ብሎን ዘይት ቀብቶ እስከ ነገ መተው ይቻላል። ለልጁም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእርሱ የሆነ ክፍል ስጡት። በእኛ ቤት ካርቡሬተሩ የልጁ ነው፤ ፈትቶ በየተራ ጨርቅ ላይ ደረደረ፣ ሥዕሉን በደብተሩ ሳለ፣ አባቱም ሲጠይቅ ከእርሱ ይጠይቃል።

ስለ ገንዘቡ፦ ወርኃዊ ወጪው በባልና ሚስት ስምምነት ይወሰን፣ መዝገቡን ልጁ ይያዝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መጠገን ሞኝነት አይደለም፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበላ ቮልስ በቤቴ አይኖርም። ዕቃው በሉማሜ አይገኝም፣ እዚህ በቀላሉ የምታገኙት የባጃጅና የአይሱዙ ነው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መሄድ ግድ ነው፤ አንድ ጊዜ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክርክሩን ይማር። በቀለም አትጀምሩ። ብዙዎች ቀለም ቀብተው ፎቶ ይነሱና መኪናው እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ከዚያ ላሜራ፤ ቀለም የመጨረሻው ነው።

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአፍ አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ባትሪው ከኋላው ወንበር ሥር ስለሆነ የወንበሩ ሞላ እንዳይነካውና እሳት እንዳያስነሳ መሸፈኛ ይደረግለት። የቤንዚን ቱቦውን ደግሞ፣ ደህና ቢመስልም፣ በአዲስ ቀይሩት። ያረጀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ስለሚያንጠባጥብ ብዙ ቮልስ በዚሁ ተቃጥሏል።

ሞተሩ የሚነሳበት ቀን ሲደርስ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን፣ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ እዩ፣ ፍሬን ሁለቱም ጎማዎች ላይ ድንጋይ ጨምራችሁ ያዙ። አባት ከኋላ ሞተሩ ዘንድ ይቁም፤ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ የሚታየው እዚያ ነው። ቁልፉን የሚያዞረው ከፊት የተቀመጠው ልጅ ነው።