የልብ ምቱን ማን አዳመጠው?

ሞቶ ለተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም። ስም አልወጣለት፣ ክርስትና አልተነሣ፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ እናቲቱን «እግዜር ሌላ ይስጥሽ» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ምክንያት ፍለጋ ሲጀመር ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷው ነው፤ «ከባድ ተሸክማ ነው»፣ «ሳትጠነቀቅ ነው»። የሕፃኑ ዕጣ ከእናቱ ጤና ጋር መያያዙ እውነት ነው። ደም ግፊት፣ ደም ማነስ፣ ቂጥኝ፣ በጃዊ ቆላ ወባ፣ ከምጥ በፊት የሚፈስ ደም፣ አከታትሎ መውለድ አደጋውን ያብሱታል። ግን ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየው፣ አብዛኛው የሚለካ፣ የሚታከም ነው። ግፊቷ 140/90 የደረሰ ነፍሰ ጡር ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ፊቷ ሲያብጥ፣ ራሷን ሲፈልጣት፣ ዐይኗ ብዥ ሲልባት ነገሩ ሥር ሰዷል። ቂጥኝም በጠብታ ደም ታውቆ በፔኒሲሊን ይድናል። እንግዲህ የእሷ ጥፋት የተባለው፣ ሰው ሳይለካው የቀረ ነገር ነው።

«ታዲያ በጤና ተቋም የሚወልዱት በዝተው ሞቱ ለምን አልቀነሰም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በተቋም መውለድ በ2016 እ.ኤ.አ. ከመቶ 26 ነበር፤ በ2019 ወደ 48 ወጣ። በሕይወት ተወልደው በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ግን ከሺህ 29 ነበሩ፣ 33 ሆኑ። የኋለኛው ጥናት አነስ ያለ ስለነበር ሞቱ ጨመረ ብዬ አልደመድም፤ አለመቀነሱ ግን ይበቃል። መልሱ አልጋ ማግኘትና መታየት ለየቅል መሆናቸው ነው። በዓለም በየዓመቱ ሞተው ከሚወለዱት ወደ 1.9 ሚሊዮን ሕፃናት ከመቶ 40 የሚበልጡት ምጥ ሲጀምር በሕይወት ነበሩ። ምጡ ሲፋፋም አዋላጇ ቀንድ መሰሉን ማዳመጫ በእናቲቱ ሆድ ላይ ደግፋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የልብ ምቱን መቁጠር አለባት፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ካልሆነ ፈጥኖ መወሰን ነው። አንዲት አዋላጅ አራት ምጥ ይዛ ይህን እንዴት ታድርገው? ሁለት ቀን አምጣ በቃሬዛ የደረሰችው እናት ልጅም ሲሞት የሚቆጠረው በሆስፒታሉ ስም ነው። «አያቶቻችን ቤታቸው አሥር ወልደዋል» ለሚሉት፣ የተቀበሩትን ማን ቆጠራቸው?

በሕይወት ለተወለደውም የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ነው፤ በተለይ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው የእንጅባራ ብርድ። እርጥብ ገላ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ያለ ጊዜው የተወለደማ ይብስበታል። ወዲያው ማድረቅ፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ከላይ መሸፈን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ማስያዝ ገንዘብ አያስወጣም። አስቸጋሪው፣ ውኃ አሙቀው ለሚጠብቁት አያት ገላውን ለማጠብ 24 ሰዓት ይቆዩ ብሎ ማስረዳቱ ነው።