የፊልም ሥዕል ሲወፍርና ሲቀጥን፤ ለቴሌቪዥን ነጋዴዎች የሚጠቅም ማስረጃ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም ሆነ በለቡ ወይም በጎፋ ቴሌቪዥን የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ደንበኛው «ሰዉን ሁሉ አወፍሮ ያሳያል» ብሎ ዕቃውን የመለሰበት እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ የመሣሪያው መሆን አለመሆኑን ሳይመረምር ሊለውጥለት አይገባም። ደኅናው ቴሌቪዥን በከንቱ ሲመለስ ባለሱቁ ትርፉን፣ አስመጪውም መልካም ስሙን ያጣል።

የመዛባቱ ምክንያት ከቀድሞው የቴሌቪዥን አሠራር የመጣ ነው። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመስኮቱ ወርድ ከቁመቱ ጋር 4 ለ 3 ነበረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዲቪዲ ሲወጣ፣ በፓል ደንብ የሚቀረጸው ሥዕል በአግድም 720፣ በቁም 576 ነጥቦች እንዲኖሩት ተወሰነ። ፒክስል የሚባሉት እነዚህ ነጥቦች ጎናቸው እኩል አይደለም፤ በ4 ለ 3 ፊልም የእያንዳንዱ ወርድ ከቁመቱ በ1/15 ያህል ይበልጣል። የዛሬው ጠፍጣፋ መስኮት ነጥብ ግን በአብዛኛው እኩል ጎን ነው። የፊልም ማጫወቻው ፕሮግራም ሥዕሉን ወደ 768 በ576 ካላሰፋው፣ ሰዉ በ1/16 ያህል ቀጥኖ ይታያል።

ከዚህም የሚብስ አለ። 16 ለ 9 የሆነው ሰፊ ፊልም በዲቪዲ ላይ የሚቀረጸው በዚያው በ720 በ576 ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን የሚለየው ከፊልሙ ጋር በተመዘገበ ምልክት ነው። ምልክቱ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ፣ የ4 ለ 3 ፊልም በሲሶ ሊወፍር፣ ሰፊውም ከወርዱ ሩቡን ሊያጣ ይችላል።

ጉድለቱን ለይቶ ለማወቅ፣ ኮምፒዩተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ በሥዕል መሣያ ፕሮግራም ፍጹም ክብ መሣል፣ ከዚያም ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ መለካት ነው። ክቡ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ፣ መጀመሪያ መታረም ያለበት የኮምፒዩተሩ ወይም የቴሌቪዥኑ የሥዕል መጠን ማስተካከያ ነው። ክቡ ትክክል ሆኖ ፊልሙ ብቻ ከተዛባ ግን ስሕተቱ የፋይሉ ወይም የማጫወቻው ነው። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ «ኤ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ደጋግሞ በመጫን 4 ለ 3 ወይም 16 ለ 9 መምረጥ ይቻላል። ፊልሙን ከፍላሽ የሚያጫውተው ቴሌቪዥኑ ራሱ ከሆነም የሥዕሉ መጠን በሪሞት ይታረማል።

እንግዲህ አስመጪዎች ለቸርቻሪዎች፣ ቸርቻሪዎችም ለገዢዎች ይህን አስቀድመው ቢያስረዱ፣ ከብዙ ክርክርና ኪሣራ ይድናሉ።