ከጉባ እስከ መርካቶ፦ ክልል ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች የሚፈቀዱበት ሕግ

ከአንድ ክልል ተነሥቶ ሌላውን አቋርጦ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር በኢትዮጵያ በአንድ ወረቀት አይፈቀድም። የሥራ ፈቃዱ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ይሁንታው ከሌላ ይወጣል፤ መሬቱ ደግሞ በክልልና በወረዳ በኩል ከባለይዞታው ይለቀቃል። የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል ወደ መሀል አገር የሚያመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ይህን በግልጽ ያሳያል። መስመሩ ከጉባ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ኦሮሚያን አቋርጦ ሆለታ ይደርሳል፤ ርዝመቱ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሆለታ ወዲህ ኃይሉ በየደረጃው ዝቅ እየተደረገ አዲስ አበባን ወደከበቡት ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይሄዳል። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ አምፖል የሚያበራ ኃይል የሦስት አስተዳደሮችን ወሰን አልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በእያንዳንዱ ወሰን ላይ መሬቱን የሚያስተዳድረው አካል ይለያያል።

የጉዳዩ መነሻ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱን ሥልጣን ሲዘረዝር የአየርና የባቡር ትራንስፖርትን፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን፣ ፖስታንና ቴሌኮሙኒኬሽንን በስም ይጠራል። የኤሌክትሪክ መስመር በዚያ ዝርዝር በስሙ አልተጠቀሰም። ስለ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ ማውጣት የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬትን ማስተዳደር ግን በአንቀጽ 52 ለክልሎች ተሰጥቷል። በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የግል ንብረት የሚወሰደውም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ ነው። ክልል ተሻጋሪ መስመር የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ የሥልጣን ክፍፍል ነው፦ ፕሮጀክቱን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት፣ መሬቱን በእጁ የያዘው ክልሉ፣ የሚያርሰው ደግሞ ገበሬው ነው።

ዘርፉ ራሱ ለረጅም ዘመን የአንድ ተቋም ነበር። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ከተቋቋመ በኋላ ኃይል ማመንጨቱን፣ ማስተላለፉንና ማከፋፈሉን አንድ ላይ ይዞ ቆየ። ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት ተቋም የተለዩት በ1989 ነው። አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲን አቋቁሞ ፈቃድ የመስጠቱን ሥራ ከአምራቹ ለየው። በ2006 ደግሞ በኋላ ኮርፖሬሽን የሆነው ይኸው አምራች ተቋም ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎቹንና ከፍተኛ መስመሮቹን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስርጭቱንና ሽያጩን ያዙ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለማመንጨት፣ ለማስተላለፍ፣ ለማከፋፈል፣ ከውጭ ለማስገባትና ወደ ውጭ ለመላክ የየራሱ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደነገገ፤ ፈቃድ ሰጪው አካል ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። ፈቃዱ የያዘውን ተቋም ለቅየሳ፣ ለግንባታና ለጥገና ወደ ሰው ይዞታ እንዲገባ፣ መስመሩን የሚነካ ዛፍ እንዲቆርጥ ያስችለዋል፤ ላደረሰው ጉዳትም ካሳ እንዲከፍል ያስገድደዋል። የኢንቨስትመንት ሕጉ በብሔራዊ መረብ ኃይል ማስተላለፍን ለመንግሥት ብቻ ጠብቆ ስላቆየው፣ በተግባር ፈቃድ ጠያቂው ሁልጊዜ የመንግሥት ድርጅት ነበር። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ይህን በር በጥቂቱ ከፍቷል።

መስመሩ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን መጀመሪያ የሚወስኑት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መሐንዲሶች ናቸው። በአዋጭነት ጥናቱ ሁለት ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ፤ ከተማ፣ ደን፣ ረግረግ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ እየተሸሸ መስመሩ ይሰመራል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ ወደ ሱሉልታ የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የዓባይን ሸለቆ መሻገር ነበረበት፤ እንዲህ ባለ ቦታ ገደሉ ራሱ ምርጫውን ያጠበዋል። በመስመሩ ሥር የሚከለለው መሬት፣ ማለትም የመስመር ክልሉ፣ ስፋት በቮልቴጁ ይለያያል። በፕሮጀክት ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለ132 ኪሎ ቮልት 30 ሜትር፣ ለ230 ኪሎ ቮልት 40 ሜትር ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ቤት መሥራትና ረጅም ዛፍ መትከል አይቻልም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣው ክልል ተሻጋሪ ሥራዎችንም ታሳቢ አድርጎ ነው። ፕሮጀክቱ የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ወይም ተጽዕኖው ከአንድ ክልል የሚያልፍ ከሆነ ጥናቱን የሚገመግመው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው የየክልሉ ሕዝብም እንዲመከር አዋጁ ያዛል፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤትም ይሁንታው ሳይቀርብ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በወረቀት ላይ ይህ ጠንካራ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለሥልጣኑ የግምገማውን ሥራ ለየዘርፉ ሚኒስቴር በውክልና አስተላለፈ። የኃይል ፕሮጀክቶችን የሚያስፋፋው ሚኒስቴር የፕሮጀክቶቹን ጉዳት ገምጋሚም ሆነ። አልሚና መርማሪ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲቀመጡ ምርመራው እንደሚላላ ለመገመት ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም። የሕዝብ ምክክሩም መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የሚደረግ ከሆነ የገበሬው አስተያየት ምሰሶውን ጥቂት ሜትር ከማዘዋወር አያልፍም።

ከሁሉም በላይ የመስመርን ዕጣ የሚወስነው ግን በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች «ወሰን ማስከበር» የሚሉት፣ መሬቱን ከባለይዞታው የማስለቀቅ ሥራ ነው። በንጉሡ ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1460 ጀምሮ ለሕዝብ ጥቅም ስለማስለቀቅ ዝርዝር ሥርዓት አስቀምጦ ነበር። በ1967 የገጠርና የከተማ መሬት ወደ መንግሥት ሲዞር የዚያ ሥርዓት መሠረት ተለወጠ። የአሁኑ ሕግ ቀጥተኛ ቀዳሚ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተካ፣ የአፈጻጸም ደንቡም በ2012 ቁጥር 472 ሆኖ ወጣ። አዲሱ አዋጅ ለባለይዞታው ከቀድሞው የተሻለ ነው። ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንዲመከሩ ይጠይቃል። ይዞታውን ለዘለቄታው የሚያጣ ገበሬም ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግጋል፤ በቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመቱ አማካይ በ10 ይባዛ ነበር። በግምቱ ያልተስማማ ሰው አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ዘንድ መሄድ ይችላል።

እነዚህ ሕጎች በዋናነት የተቀረጹት መሬቱ በሙሉ ለሚለቀቅበት ሁኔታ፣ ለመንገድ፣ ለግድብ፣ ለፋብሪካ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከእነዚህ ይለያል። የብረት ምሰሶው እግሮች የሚያርፉባት ቦታ ትንሽ ናት፤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ረጅም መሬት ከገበሬው እጅ አይወጣም። ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ ሊዘራበት ይችላል። ባሕር ዛፍ ግን ሊተክልበት አይችልም። በጎጃም፣ በሸዋና በወለጋ ደጋማ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ የልጅ ማስተማሪያ፣ የቤት መሥሪያ፣ የክፉ ቀን ጥሪት ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው አቆጥቁጦ ደጋግሞ የሚሸጥ ሀብት ነው። ለቆመው ዛፍ ካሳ ይሰላል። በዚያው መሬት ላይ ለሚቀጥሉት ሠላሳ አርባ ዓመታት ሊገኝ ይችል የነበረው ገቢ ግን መሬቱ «አልተወሰደም» ስለሚባል ከስሌቱ ውጭ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከአንድ ሄክታር በታች ለያዘ ቤተሰብ 40 ሜትር ስፋት ያለው እገዳ ቀላል ነገር አይደለም። መሬት በእጁ የቀረ ሰው የአጠቃቀም መብቱ ሲጠብ ስንት ይከፈለው የሚለው ጥያቄ የራሱ ድንጋጌ ሊኖረው ይገባል።

ከፋዩ ማን ነው የሚለውም ተለዋውጧል። ለረጅም ጊዜ ለፌዴራል ፕሮጀክት ካሳ የሚከፍለው ፕሮጀክቱን የሚያሠራው የፌዴራል ተቋም ሲሆን፣ ንብረቱን የሚገምተው በወረዳ የሚቋቋም ኮሚቴ ነበር። ገማቹ ገንዘቡን አያወጣም፤ ከፋዩ ግምቱን አያደርግም። የመንገድና የኃይል ተቋማት የካሳ ወጪ ከግንባታ ወጪ ጋር እየተቀራረበ፣ አልፎ አልፎም እየበለጠ መጣ ብለው ደጋግመው አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቁጥር 1336 ሆኖ የወጣው የአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማሻሻያ ካሳና ማቋቋሚያ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች አዛወረው። ማሻሻያው የተጋነነ ግምትን ሊገታ ይችላል። መስመሩ አቋርጦት ለሚያልፍ፣ ከኃይሉ ግን እምብዛም ለማይጠቀም ክልል ግን ከባድ ሸክም ነው፤ የክልሉ ካዝና ባዶ ሲሆን የሚጠብቀው ገበሬው ነውና።

ሌሎች ፈቃዶች በዚህ ዙሪያ ይሰለፋሉ፦ መንገድና ባቡር ለመሻገር የየመሥሪያ ቤቱ ስምምነት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የሲቪል አቪዬሽን ይሁንታ፣ ቅርስ ባለበት ቦታ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ። እነዚህን አንድ ላይ ለማምጣት አዋጅ ቁጥር 857/2006 የፌዴራል የተቀናጀ መሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲን አቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የተቋሙ አቅም ግን መንገዱን፣ ውሃውን፣ ቴሌውንና መብራቱን አንድ ካርታ ላይ እስከማስቀመጥ አልደረሰም። ሥራው በኋላ ወደ ከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ተጠቃለለ።

ድንበር የሚሻገሩ መስመሮች ሌላ ሽፋን ይጨምራሉ። የጅቡቲው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በ2004 ተመረቀ፤ ከጎንደር በሸኸዲ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሄደውም ተከተለ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ሞገድ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ሲኖረው፣ በኅዳር 2015 ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። ለእንዲህ ያሉ መስመሮች የኃይል ሽያጭ ውልና በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚጸድቅ የብድር ስምምነት ያስፈልጋል። ዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ሲያበድሩ የራሳቸውን የተነሺዎች መመሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ መመሪያው ከአገር ውስጡ ሕግ በላይ ስለሚጠይቅ በውጭ ብድር በተሠራ መስመር ሥር ያለ ገበሬ በመንግሥት ገንዘብ በተሠራው ሥር ካለው ጎረቤቱ የተሻለ ጥበቃ የሚያገኝበት ሁኔታ አለ። በአንድ አገር ሕግ ለሚተዳደሩ ዜጎች ይህ ልዩነት ተገቢ አይደለም።

በፌዴራል ሥርዓት የሚተዳደሩ ሌሎች አገሮችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይታገላሉ። በአሜሪካ የመስመር መንገድ መፍቀድ በመሠረቱ የግዛቶች ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ፣ ብሔራዊ ተብለው በተሰየሙ ኮሪደሮች ውስጥ የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በተጠባባቂነት እንዲፈቅድ ሥልጣን ሰጠው። በ2009 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ግዛቱ በግልጽ እምቢ ካለ ኮሚሽኑ መግባት አይችልም ብሎ ሥልጣኑን አጠበበው፤ በ2021 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሽሎ መልሶ አሰፋው፤ ኮሚሽኑም በ2024 የአፈጻጸም ደንቡን አወጣ። እዚያ መስመርን የሚያቆመው የግዛቱ እምቢታና የባለርስቱ ክስ ነው። በኢትዮጵያ ክልል በሕግ እምቢ ሲል አይታይም፤ መስመሩ የሚቆመው ካሳው ሲዘገይ፣ ግምቱ ሲያከራክር ወይም አካባቢው ሰላም ሲያጣ ነው።

አዲስ አበባ ሲደረስ ሕጉ መልኩን ይለውጣል። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ኃይል የሚቀበሉት እንደ ሰበታና ሱሉልታ ያሉ ጣቢያዎች ግን በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው። ከጣቢያው ወዲህ ባለው በ15 ኪሎ ቮልት ስርጭት ባለጉዳዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይሆናል፤ መሬቱም በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እና በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ይገዛል። መርካቶ ላይ የመስመር ክልል የሚባል ነገር ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ፣ ከምናለሽ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ ቆሟል። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪና ማስገባት እንኳ ከባድ ሆኖ ነበር። በዚህ ስፍራ አዲስ ከፍተኛ መስመር በምሰሶ ማሳለፍ የማይታሰብ ስለሆነ ያለው ምርጫ ከመሬት በታች መቅበር ነው፤ ይህ ከምሰሶ መስመር እጅግ የሚወደድ ሲሆን፣ ቁፋሮው ከውሃና ከፍሳሽ ቱቦ፣ ከቴሌ ገመድ ጋር ይጋጫል። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በዚህ ሰፈር ሲያልፍ፣ በቅርብ ዓመታት የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ገመዶችን ወደ መሬት ውስጥ ሲያወርድ ያጋጠመው ይኸው ነው።

የካሳ ጥያቄውም እዚህ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ የመርካቶ ቤቶችና ሱቆች የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ይዞታ ሆኑ። ከእንዲህ ያለ ቤት የሚነሣ ነጋዴ ባለይዞታ አይደለም፣ ተከራይ ነው፤ የሚያጣው ግን ደንበኛውን፣ የቆመበትን ተራና በዓመታት የተገነባ የዱቤ እምነት ነው። ሕጉ ለመንግሥት ቤት ተከራይ ምትክ የኪራይ ቤትን መፍትሔ አድርጎ ያቀርባል፤ ከተራው የራቀ ምትክ ግን የንግዱን ዋጋ አይተካም።

የመጨረሻው ፈቃድ ቆጣሪው ላይ ነው። እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሕንፃ ውስጥ ዝርጋታ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ባለሙያ እንዲሠራው የኢነርጂ ሕጉ ያዛል፤ ማረጋገጫውን የሚሰጠውና ዝርጋታውን የመመርመር ሥልጣን ያለውም ያው የማስተላለፊያ መስመሩን የሚፈቅደው ባለሥልጣን ነው።