ሰሊጡ መጋዘን አለው፣ ሠራተኛውስ?

ክረምት ሲገባ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራና ከበለሳ ብዙ ወጣቶች ወደ ቆላ ይወርዳሉ። አንዳንዱ በጎንደርና በአይከል አድርጎ ወደ መተማ፣ ሌላው ወደ ሁመራ ያመራል። ደጋው ላይ መሬት ጠቧል፤ ቆላው ደግሞ እጅ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ የአረም፣ መስከረምና ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል።

የገበያ ሰው ነኝና ሰሊጡ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ እርጥበት እንዳያገኘው መጋዘን ይገባል። ያጨደው ሠራተኛስ የት ያድራል? ብዙ ጊዜ በእንጨት፣ በሣርና በላስቲክ በተሠራ ዳስ ውስጥ ተፋፍጎ፣ ካልሆነም ዛፍ ሥር መሬት ላይ ነው።

መኝታው የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። ከደጋ የሄደ ሰው ወባን የሚቋቋም አቅም የለውም። በዚያ ላይ በመረሬ መሬት ስንጥቅ፣ በኩይሳና በግራር ሥር የሚኖር የአሸዋ ዝንብ አለ። የሚናከሰው በአብዛኛው ማታ ሲሆን፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

በሽታው ቆላ ላይ ብቻ አይቀርም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሊቦ ከምከም ብዙ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወደ ወረዳው የገባውም ከሁመራ አካባቢ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል።

ስለዚህ ከቤትዎ፣ ከዘመድዎ ወይም ከጎረቤትዎ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካለ ልብ ይበሉ። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከከሳ፣ ግራ ጎኑ ላይ ጣፊያው ካበጠ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው፣ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ምልክቱ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ቆላ ውሎ መመለሱን ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው።

ገና ለሚሄደው ደግሞ ከስንቁ ጋር በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይስጡት። የአሸዋ ዝንብ በጣም ትንሽ በመሆኗ ተራ አጎበር ሊያሳልፋት ይችላል። ውጭ የሚያድር ከሆነ በአራት እንጨት ወጥሮ፣ ከግራርና ከኩይሳ ርቆ ይተኛ።

ዋናው ኃላፊነት ግን የአሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ከፍ ያለ አልጋ፣ ጣሪያ፣ አጎበርና ንጹሕ ውሃ ሰሊጥ ለሚልክ ባለሀብት ከአቅም በላይ አይደሉም። ቢያንስ ለጆንያው የሚጠነቀቀውን ያህል ለሰውየው ይጠንቀቅ።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። ለአንድ ሌሊት እንግዳ መደብ የሚለቅ ሕዝብ፣ ወራት ሙሉ የሚያጭድለትን ሰው ዛፍ ሥር ሊያሳድር አይገባም።