ከመኪና ሥር የሚቆረጠው ውድ ዕቃ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በሞተሩና በማርሚታው መካከል የሚገጠም፣ መርዛማውን ጭስ ጉዳቱ ወደቀነሰ አየር የሚለውጥ ዕቃ ነው። ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ አለ፤ ሴራሚኩ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። ሌባ የሚፈልገው እነዚህን ማዕድናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ በዓለም ገበያ ከ20 ሺህ ዶላር በልጦ ነበር።

ከመሬት ከፍ ያለ የሥራ መኪና ይበልጥ ይጋለጣል፤ ሌባው ያለ ክሪክ ሥሩ ገብቶ በደቂቃዎች ቆርጦ ይወጣል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚያድር ወይም ወደ አንኮበር የሚሠራ ቤንዚን ሚኒባስና ፒክአፕ ይህን ዕቃ ሊይዝ ይችላል። አሮጌ የናፍጣ አይሱዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ የእሱ ባለቤት ይልቅ ባትሪውን፣ ስፖኪዮውንና ትርፍ ጎማውን ይጠብቅ።

ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ዘበኛ ያለው፣ መብራት የበራበት ግቢ ነው። ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን በዕቃው ሽፋን ላይ ማስቀረጽ፣ ከሥሩም የብረት ከለላ ማሠራት ይጠቅማል። ኮንቨርተሩ እጅግ ስለሚግል ከለላው አየር ማሳለፍ አለበት፤ ብየዳ ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ገመድ ይነቀል።

ስርቆቱን የሚያቆየው ገዢው ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መግዛት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ያገለገለ መለዋወጫ የሚገዛ ሁሉ ደረሰኝና የሻጩን ማንነት ይጠይቅ።