ከአሸተን ቁልቁል

የላሊበላ ጉብኝት መንገዱ የታወቀ ነው። አስጎብኚው ጠዋት ከቤተ መድኃኔ ዓለም ይነሣል፣ ዮርዳኖስ የተባለውን ቦይ ተሻግሮ ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያልፋል፣ ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ ያቆያል። አሸተን ማርያም ትርፍ ቀን ላለውና ጉልበቱን ለሚያምን ነው የምትተወው። እኔ ብሆን ጉብኝቱን ከእሷ እጀምር ነበር።

ከተማው በ2500 ሜትር ከፍታ ግድም ተቀምጧል፤ ገዳሟ ከ3000 ሜትር በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ ናት። አቀበቱን ያልለመደ በቅሎ ይከራያል። ወደ ላይ ሲቃረቡ መንገዱ ጠቦ በተፈለፈለ ዐለት ውስጥ ያልፋል። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ ጀምሯት ነአኩቶ ለአብ ፈጸማት ይባላል። ከታቹ ሕንጻዎች ጋር ብትተያይ አጠራረቧ ሸካራ ነው፤ ለእኔ ይህ ጉድለቷ አይደለም። ውስጧ ጨለማ ስለሆነ ቄሱ መስቀሉንና የብራናውን መጽሐፍ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ያወጡታል።

ከዚያ ዞሮ ቁልቁል ማየት ነው። በመንገዱ አንዳንድ መታጠፊያ ላይ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙት አራቱ መጠለያዎች ከሩቅ ይለያሉ። ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ ምሰሶዎቹ ዐለቱን ይጎዱታል የሚለው የከተማው ሰው ስጋት ግን እስካሁን አልበረደም።

ለእኔ ከመጠለያዎቹ ይልቅ የሚከብደው ዙሪያቸው ያለው ክፍት ቦታ ነው። የላስታ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች እዚያ ተጠጋግተው ሰፈር ነበሩ። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ የዓለም ባንክ በደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ነዋሪው ተነሥቶ ኩራኩር ወደተባለው አዲስ መንደር ሄደ። ቅርሱን ከፍሳሽና ከግንባታ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ማኅሌት ሲቆም በእግሩ ከተፍ ይል የነበረ ሽማግሌ ከደጁ ሲርቅ፣ የጠፋው ቅርበት ብቻ አይደለም። ከቤቶቹ ጥቂቶቹ ቆመዋል፤ ጭስ ግን አይወጣባቸውም። አብዛኛው አስጎብኚም ስለነሱ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ጎብኚው የመጣው ለንጉሡ ነዋ!

በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ መጣና አስጎብኚውም ባለበቅሎውም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አሁን ከአሸተን የሚወርድ እንግዳ ካለ ቁልቁለቱን በእግሩ ነው የሚወርደው፤ ባለበቅሎው ባዶውን ኮርቻ ይዞ ይቀድመዋል። ድሮ ቤቱ የት እንደነበር ይጠይቀው። በጣቱ ያሳየዋል።