የቦሎቄን ዘር በየዓይነቱ ስለ መጠበቅ

ሰው ለዘር የሚሆነውን እህል በሚመርጥበት ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው መልኩ አንድ በሆነውና ፍሬው ባማረው ላይ ነው። ነጭና ቀይ፥ ጥቁርና ዝንጉርጉር ሆኖ የተደባለቀውን ቦሎቄ ግን ያልተለቀመ እህል ነው ብሎ ይንቀዋል። ነገሩን መርምሮ ለተመለከተው ግን ይህ መደባለቅ የቤተ ሰብ ዋስትና እንጂ ጉድለት አይደለም።

በሩዋንዳና በማላዊ ብዙ ገበሬዎች ልዩ ልዩውን ዓይነት ባንድ እርሻ ደባልቀው ይዘራሉ። ዝናም ባጠረ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ዝናም በረዘመ ጊዜ የሚዘገየው ያፈራል፤ ዋግ አንዱን ቢመታው ሌላው ይቋቋመዋል። ባንድ ዓይነት ዘር መታመን የሚያመጣውን ጥፋት የአየርላንድ ሕዝብ አይቶታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታ ድንቹን ባጠፋው ጊዜ፥ ድኻው የሚኖረው ባመዛኙ ባንድ ዓይነት ድንች ስለ ነበረ፥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በደዌ አልቋል።

ድብልቁን በጓሮ መዝራት አያስቸግርም። ፍሬውን ሁለት ጣት ያህል አጥልቆ መቅበር፥ ሐረግ ለሚያወጣውም ዕንጨት ማቆም ወይም በበቆሎ አጠገብ መዝራት ይበቃል። ዋናው ጥበብ የሚፈለገው ከመከር በኋላ ነው። የቦሎቄ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይፈካ በራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ነጩ ነጩን፥ ቀዩም ቀዩን ይተካል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ንብ ያንዱን ብናኝ ወደ ሌላው አድርሳ አዲስ ዓይነት ይገኛል። ስለዚህ ባለቤቱ ያማረውን ብቻ ለዘር እየለየ ሌላውን ለንፍሮ ቢያደርገው፥ ጥቂት የነበረው ዓይነት ባጭር ዘመን ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋም በገንዘብ አይመለስም። ከየመልኩ፥ ቀድሞ ከደረሰውም ከዘገየውም ከፍሎ በሚገባ ያድርቅ፤ ነቀዝ እንዳይገባበትም በተከደነ ዕቃ ያኑር። ክፉ ዓመት ቢመጣ መጠባበቂያ ይሆነው ዘንድ ሁሉንም ባንድ ክረምት አይዝራው።

በአዲስ አበባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የዘር ማከማቻ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ማከማቻውን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም የገበሬው ዘር በገበሬው እርሻ ላይ ጭምር እንዲጠበቅ ደክመው በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። በማከማቻ ያለ ዘር ተኝቶ ይቈያልና፤ በየዓመቱ የሚዘራው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገለ ይለመዳል።

ነጋዴ አንድ መልክ ያለውን መርጦ ስለሚገዛ፥ ገበሬው ለገበያ ነጩን ቢዘራ አይነቀፍም። ነገር ግን ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው ሹም የቀድሞውን ጣሉት እንዳይል፥ በደብሩ አጠገብ ጓሮ ያለው ካህንም ካንዲት መደብ ላይ ድብልቁን እየዘራ ለጎረቤቱ እንዲያካፍል ያስፈልጋል። በጾም ወራት ማዕዳችንን የሚሞላው ጥራጥሬ ለልጆቻችን እንዲተርፍ፥ ዛሬ እኛ የናቅነውን እፍኝ ዘር ማክበር ይገባናል።